አምፖሉን የደበቀው ሰው

ፖል ሄኒንግሰን ሴፕቴምበር 9 ቀን 1894 ከኮፐንሃገን በስተሰሜን ባለችው ኦርድሩፕ ሲወለድ አብዛኛው የዴንማርክ ቤት የሚያመሸው በፋኖስ ነበር። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እናቱ አግነስ ሄኒንግሰን በጊዜዋ ብዙ ያነጋገረች ደራሲ ናት። አባቱም ደራሲ ነው፤ ካርል ኤዋልድ ይባላል። ልጁ ግን የተጠራው በወላጅ አባቱ ሳይሆን በእናቱ ባል ስም ነው። ይህን የማነሳው ለሐሜት አይደለም። ሰው ምን ይለኛል በማይባልበት ቤት ያደገ ልጅ፣ ኋላ የአገሩን ሰው ሳሎን ሳይቀር በአደባባይ ሲያብጠለጥል ከየት እንዳመጣው ለማወቅ ይረዳል።

የፋኖስ ብርሃን ጉልበት የለውም። ጠረጴዛው መሃል ይቀመጣል፤ ሹራብ የምትሠራዋም፣ ጋዜጣ የያዘውም፣ የቤት ሥራ የቀረበትም ልጅ ወደ እሱ ይጠጋሉ። ከወንበሩ ጀርባ ያለው ክፍል ጨለማ ነው። የሰው ፊት ወርቅማ መልክ ይይዛል፤ ጥላውም ጠርዙ የደበዘዘ፣ ለዓይን የማይከብድ ነው። ጭሱ፣ የነጭ ጋዙ ሽታ፣ በየቀኑ የሚወለወለው ብርጭቆ ግን ጣጣ ነው። ፋኖስን ያየ የአገራችን ሰው ለዚህ ነጋሪ አያሻውም። ሄኒንግሰንም ጭሱን የናፈቀበት ጊዜ የለም። ከልጅነቱ ምሽቶች ይዞት የወጣው የብርሃኑን ጠባይ ብቻ ነው።

እሱ ሲያድግ አምፖሉም አብሮት አደገ። ኤዲሰን በ1879 ያሳየው አምፖል ከሰል የሆነ ክር ነበረው፤ ብርሃኑ ቀላ ያለና ፈዘዝ ያለ ስለሆነ ከፋኖስ ብዙም አይርቅም ነበር። ከዚያ ተንግስተን የተባለው ብረት መጣ። በ1913 ደግሞ አሜሪካዊው ኢርቪንግ ላንግሙር ክሩ የሚግልበትን ብርጭቆ በጋዝ መሙላት እንደሚያዋጣ አሳየ። በጋዝ ውስጥ ያለ ክር ቶሎ ሳይበላ ይበልጥ መጋል ስለሚችል አምፖሉ ነጣ፣ በረታም። ያን አምፖል ቀና ብሎ በቀጥታ ያየ ሰው ለጥቂት ጊዜ ዓይኑ ፊት ነጭ ነጥብ ሲዋኝ ይቆያል።

ሰዉ ታዲያ ይህን አዲስ ጉልበት ምን አደረገው? ቀድሞ የሻማ መቅረዝ ይንጠለጠልበት ከነበረው ከኮርኒሱ መሃል ሰቀለው። ገሚሱ እርቃኑን ተወው። ገሚሱ ዘርፍ በተንጠለጠለበት ሐር ሸፍኖ ግማሹን ብርሃን ለጨርቁ አስበላ። አንደኛው ቤት ዓይን ያጥበረብራል፤ ሌላኛው የከፈለበትን መብራት አያገኝም።

ሄኒንግሰን በኮፐንሃገን ሥነ ሕንፃ ተምሯል፤ ዲፕሎማውን ግን አልያዘም። ቤት ይነድፋል፣ ለጋዜጣ ይጽፋል፣ ይከራከራል። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ላይ ቀልቡን የሳበው ነገር በጣም ተራ ነበር። ማታ በትራም ሲጓዙ በፎቅ ላይ ያሉት ቤቶች ውስጣቸው በመስኮት ይታያል። ቀን ላይ ደህና የሚመስለው ሳሎን ማታ ምን ያህል እንደሚያስከፋ እየተገረመ ጽፏል። ግድግዳው ጠፍጣፋ፣ የሰዉ ፊት የገረጣ፣ ከዓይን በታች ጥቁር ጥላ። ሰዎቹ ገንዘባቸውን ለሶፋና ለምንጣፍ አውጥተዋል፤ ማታ ማታ ያን ሁሉ የሚገድለው አንድ በተሳሳተ ቦታ የተሰቀለ አምፖል ነው። ሄኒንግሰን ከዕቃው ሁሉ መብራቱ ያለበት ቦታ ይበልጣል የሚል እምነት ያዘ። ለእኔ የሰውየው ሥራ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ የነደፈው ብርሃኑን ነው፤ የመብራቱ አካል የመጣው ብርሃኑን ለማስተናገድ ነው።

በ1924 ሉዊ ፖልሰን ከተባለው ድርጅት ጋር መሥራት ጀመረ። ድርጅቱ በ1874 ሲመሠረት ወይን ጠጅ አስመጪ ነበር፤ በኋላ ወደ ኤሌክትሪክ ዕቃ ዞረ። ሥራው ሁለቱን ወዲያው ለትልቅ መድረክ አበቃቸው። በ1925 ፓሪስ ላይ ዓለም አቀፉ የጌጣጌጥ ጥበብ ዐውደ ርዕይ ተከፈተ፤ አርክቴክቱ ሌ ኮርቡዚየ የዘመናዊ መኖሪያ ሐሳቡን በአንድ የማሳያ ቤት ያሳየበት ዐውደ ርዕይ ነው። ከዴንማርክ በኩል የቀረቡት የሄኒንግሰን መብራቶች የወርቅ ሜዳሊያ ይዘው ተመለሱ። ሌላ ሰው ቢሆን በዚያ ሜዳሊያ ዕድሜ ልኩን ይኖርበት ነበር። እሱ ግን ቅርጹን እንደገና አፍርሶ ጀመረ።

ምክንያቱም ኮፐንሃገን ውስጥ ፎረም የሚባል ግዙፍ አዳራሽ እየተሠራ ነበር። በ1926 መጀመሪያ ላይ የመኪና ትርኢት ይዞ ሊከፈት ነው፤ መብራቱን ማን እንደሚሠራ በውድድር ይለያል። አዳራሹ ከፍ ያለና ሰፊ ነው፤ ብርቱ አምፖል ይጠይቃል። በዚያ ላይ የሚታየው ዕቃ የሚያብረቀርቅ ቀለም የተቀባ መኪና ነው፤ ብርሃኑ በቀጥታ ካረፈበት ገዥው የሚያየው የአምፖል ነጸብራቅ ብቻ ይሆናል። ሄኒንግሰንና ሉዊ ፖልሰን ውድድሩን አሸነፉ። ዛሬም በስሙ ምህጻረ ቃል ፒኤች እየተባለ የሚጠራው ባለ ሦስት አባዡር መብራት የተወለደው እዚያ ነው።

እዚህ ላይ ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። መብራቱ ከላይ ሰፊ፣ ከመሃል አነስ ያለ፣ ከታች ትንሽ አባዡር አለው፤ ሦስቱ ተደራርበው አምፖሉን ይከባሉ። አንድ አባዡር ብቻ አምፖሉን ከየአቅጣጫው እንዲሸፍን ቢፈለግ እንደ ትልቅ ባልዲ ጠልቆ ብርሃኑን ከሥሩ ብቻ ያፈስሰው ነበር። ሦስት ሲሆኑ ሥራውን ይከፋፈሉታል። ከላይ ያለው ብዙውን ብርሃን ተቀብሎ ወደ ታችና ወደ ጎን ይልካል። ሁለቱ የታችኞቹ አምፖሉን ከተቀመጠ ሰው ዓይን ይጋርዳሉ፤ እየጋረዱም የየድርሻቸውን ብርሃን ወደ ጠረጴዛው ይመልሳሉ።

የአባዡሮቹ ጉብጠት ደግሞ በዘፈቀደ የመጣ አይደለም። የቀንድ አውጣ ቅርፊት ከመሃሉ እየሰፋ እንደሚዞረው ዓይነት ጥምዝ መስመር አለ፤ የሒሳብ ሰዎች ሎጋሪዝማዊ ጥምዝ ይሉታል። የዚህ መስመር ባሕርይ ከመሃሉ የተነሣ ማንኛውም ጨረር መስመሩን የሚነካው ምንጊዜም በተመሳሳይ ማዕዘን መሆኑ ነው። ሄኒንግሰን የአምፖሉን ክር በጥምዙ መሃል አስቀመጠና አባዡሮቹን ከጥምዙ ላይ ቆረጠ። ስለዚህ ብርሃኑ በአባዡሩ አናትም ሆነ በጠርዙ እኩል ሸርተት ብሎ ይወርዳል፤ አንዱ ጋ ደምቆ ሌላው ጋ የሚጠፋበት ነጥብ የለም። ሌላው ሰው ለውበት የሚስለውን ጉብጠት እሱ በማስመሪያና በማዕዘን ነው ያገኘው፤ ውበቱ ከዚያ በኋላ ተከተለ።

ቀጥሎ መብራቱ ከአዳራሽ ወደ ቤት ገባ። ለቤት የሚሆኑት ትናንሾቹ ነበሩ፤ ከኮርኒስ የሚንጠለጠል፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቆም፣ ግድግዳ ላይ የሚጣበቅ። አባዡሩ ከመዳብ ወይም ነጭ ቀለም ከተቀባ ብረት ይሠራል፤ ወተት መሳይ ከሆነ ብርጭቆም ይነፋል። ልዩነቱ የጌጥ ብቻ አይደለም። ብረቱ ብርሃኑን ሁሉ ወደ ታች ይሰበስባል፤ ከጠረጴዛው በላይ ያለው ክፍል ድንግዝግዝ ይላል። ብርጭቆው ግን ጥቂቱን ያሳልፋል፤ ኮርኒሱና ግድግዳው ፈካ ይላሉ፤ ክፍሉም ጨለማ አያስፈራውም።

ከብርጭቆው መብራት ሥር አንድ የእራት ጠረጴዛ ይታሰባችሁ። ዳቦውና ሳህኑ ጥርት ብለው ይታያሉ። ማዶ የተቀመጠው ሰው ፊት ላይ ብርሃኑ ከላይም ከጠረጴዛው ልብስም ተመልሶ ስለሚያርፍ ከዓይኑ ሥር የሚወርደው ጥቁር ጥላ የለም። የሹካው ጥላ አለ፤ ጠርዙ ግን ይደበዝዛል። ቀና ሲሉ የሚታየው የሦስት አባዡር ለስላሳ ሆድ ነው፤ አምፖሉ የለም። ከወንበሩ ጀርባ ክፍሉ ቀስ እያለ ይጨልማል። ሰው ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ይስባል። የፋኖሱ ዘመን ወግ ያለ ጭሱ ተመለሰ ማለት ነው።

ከ1926 እስከ 1928 ሄኒንግሰን ክሪቲስክ ሬቪው የተባለ መጽሔት ያዘጋጅ ነበር። እዚያ የጻፈው ነገር ምላሱ ስል መሆኑን ያሳያል። የዘመኑን የእጅ ጥበብ ባለሙያዎች ለሀብታም ሙዚየም የሚሆን ማሰሮ ከምትሠሩ ተራ ሰው የሚጠጣበትን ደህና ብርጭቆ ሥሩ እያለ ይወርፋቸው ነበር። ለቤቱ ሁሉ የሚሆን፣ በፋብሪካ የሚወጣ ጥሩ ዕቃ፤ ሕልሙ ይኸው ነው። የሚገርመው ደግሞ መብራቶቹ ከተሰቀሉባቸው ዝነኛ ቤቶች አንዱ በ1930 ያለቀው ቪላ ቱገንድሃት መሆኑ ነው። ቼኮዝሎቫኪያ፣ ብርኖ ከተማ ላይ አርክቴክቱ ሚስ ቫን ደር ሮሄ ለባለ ፋብሪካ ቤተሰብ የሠራው፣ የኦኒክስ ድንጋይ ግድግዳ ያለው ቤት ነው። ተራው ሰው ይጠብቅ።

1930ዎቹን በአጭሩ ልለፋቸው፤ ሄኒንግሰን በእነዚያ ዓመታት ያልነካካው ነገር የለም። ውስጡ የሚታይ ፒያኖ ነደፈ፤ ከብረት ቱቦ የተጠማዘዘ ወንበር ሠራ፤ ለቴአትር ግጥም ጻፈ፤ በ1935 ስለ አገሩ የሠራው ፊልም ወቀሳ አዘነበበት። በ1937 ለራሱ ቤት ገነባ።

ኤፕሪል 9 ቀን 1940 የጀርመን ጦር ዴንማርክን ያዘ። ያን ዓመት ሄኒንግሰን ለአንድ የቴአትር ትርኢት የዘፈን ግጥም ጻፈ። ላይ ላዩን ስለ ፍቅርና ትዳር እስራት ነው፤ ሰሚው ግን አፍና እጁ የታሰረው አገር መሆኑ ገባው። ሰምና ወርቅ ለለመደ አንባቢ ይህን ማብራራት አያሻም።

ወረራው ለመብራት ሰው ሌላም ፈተና ይዞ መጣ። ከተማው ማታ ማታ መጨለም አለበት፤ ከሰማይ የሚታይ ብርሃን የጦር አውሮፕላን ይጠራል። ኮፐንሃገን መሃል ያለው የቲቮሊ መዝናኛ ደግሞ ከ1843 ጀምሮ የሚታወቀው በማታ መብራቱ ነው። ጨለመ ማለት ተዘጋ ማለት ነው። በ1941 የቲቮሊ ዋና አርክቴክት የነበረው ሄኒንግሰን ነው። ከላይ ሙሉ በሙሉ የተከደነ፣ ብርሃኑን ከሥሩ ወዳለው መንገድ ብቻ የሚያወርድ መብራት ነደፈ፤ ቲቮሊም በጦርነቱ መሃል እስከ እኩለ ሌሊት ክፍት ሆኖ እንዲያመሽ ተፈቀደለት። እያንዳንዱ ጨረር የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ ማወቅ እስከዚያ ቀን የምቾት ጉዳይ ነበር። አሁን አንዲት ጨረር ብታመልጥ ቦምብ ልትጠራ ትችላለች። ከሠራቸው ሁሉ የሚደንቀኝ ይህ ሥራው ነው፤ በሱቅ ስለማይሸጥ ግን ብዙ ሰው አያውቀውም።

በ1943 የመጸው ወራት ናዚዎች የዴንማርክን አይሁዶች ለመልቀም ተነሡ። ከ7,000 በላይ ሰዎች በዓሣ አጥማጅ ጀልባዎችና ባገኙት ሁሉ ጠባቡን ባሕር ተሻግረው ስዊድን ገቡ። ሄኒንግሰን አይሁዳዊ አይደለም፤ በሐሳቡ ግን ከሚፈለጉት አንዱ ነበር። እሱና ባለቤቱ ከአይሁዳዊው አርክቴክት ከአርኔ ያኮብሰንና ከሚስቱ ጋር በአንዲት መቅዘፊያ ጀልባ በጨለማ ተሻገሩ። ያኮብሰን ኋላ ዓለም የሚያውቃቸውን ወንበሮች የነደፈው ያው ሰው ነው። ያቺ ጀልባ ብትሰምጥ የዴንማርክ ዲዛይን ግማሽ ታሪክ አብሮ ይሰምጥ ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ከዚያ በኋላ የተጣላው ከአምፖል ፋብሪካዎች ጋር ነው። ባለ ሦስት አባዡሩ መብራት ቁም ነገሩ የአምፖሉ ክር ልክ በጥምዙ መሃል መቀመጡ ነው። ፋብሪካዎቹ ግን የአምፖሉን መጠንና ቅርጽ ደጋግመው ቀየሩ። ክሩ ከመሃል ሲርቅ ያ ሁሉ ሒሳብ ከንቱ ሆነ፤ የመብራቱ ጠርዝ ላይም አምፖሉ ብቅ ማለት ጀመረ። ሄኒንግሰን ይህን በንዴትም በቀልድም ሲጽፍ ቆየና በመጨረሻ እጁን ሰጠ። የሰጠው ግን በራሱ መንገድ ነው፤ ከገና ዛፍ መብራት ጀምሮ እስከ 100 ዋት አምፖል ምንም ቢሰኩበት የማያጥበረብር መብራት ነደፈ።

በ1958 የወጣው ይህ መብራት ፒኤች 5 ይባላል፤ 5 የተባለው የትልቁ አባዡር ስፋት 50 ሴንቲ ሜትር በመሆኑ ነው። ከብርጭቆው ወንድሙ ይልቅ ጠፍጠፍ ያለ፣ ከብረት የተሠራ፣ ለፋብሪካ የሚመች ነው። ውስጡን ያየ ግን አንድ ያልጠበቀው ነገር ያገኛል፤ ትንሽ ቀይና ትንሽ ሰማያዊ ቀለም የተቀቡ ክፍሎች ተደብቀውበታል። ሄኒንግሰን ዓይናችን ይበልጥ የሚነቃው ለቢጫና ለአረንጓዴ ነው፤ ለቀይና ለሰማያዊ ይደክማል፤ እነዚህን ጥቂት ብንጨምርለት ብርሃኑ ይለሰልሳል ብሎ አስቧል። መብራቱ ሲበራ ቀለሞቹ አይታዩም፤ ፊትና ምግብ ላይ ያለው ሙቀት ብቻ ይሰማል።

በዚያው ዓመት ትዕግሥቱን ሁሉ ያፈሰሰበት ሌላ መብራትም ተሰቀለ። ኮፐንሃገን ወደብ ዳር ያለው የላንገሊኒ ምግብ ቤት አዲስ ሕንፃ ነበረው፤ ለእሱ የተነደፈው መብራት 72 የመዳብ ቅጠሎች በ12 ረድፍ፣ በየረድፉ 6 ሆነው ተደርድረውበታል። የአንዱን ረድፍ ክፍተት የሌላው ረድፍ ቅጠል ይሸፍነዋል፤ በየትኛውም በኩል ቢዞሩ አምፖሉን አያዩትም። ዓለም አርቲቾክ ይለዋል፤ ዴንማርካውያን የጥድ ፍሬ። ያምራል፤ ለመኖሪያ ቤት ግን ይበዛል ባይ ነኝ። ባለ ዝቅተኛ ኮርኒስ ሳሎን ውስጥ የሰቀለው ሰው እንግዶቹን ሳይሆን መብራቱን ነው የጋበዘው።

የዴንማርክን ቤት የወረሰው ፒኤች 5 ነው። የመምህሩም፣ የነርሷም፣ የጡረተኛውም የእራት ጠረጴዛ ላይ ተሰቀለ። ክረምቱ ረጅም በሆነበት፣ በዲሴምበር ፀሐይ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ በምትጠልቅበት አገር ቤተሰብ ብዙ ሰዓቱን የሚያሳልፈው በመብራት ሥር ነው። ያ ዴንማርካውያን የሚኮሩበት የምሽት ድባብ፣ ሻማው፣ ቡናው፣ ዝግ ያለው ጨዋታ፣ መሃሉ ላይ ዝቅ ብሎ የተሰቀለ መብራት አለበት። ሄኒንግሰን ከ30 ዓመት በፊት በመጽሔቱ የጮኸለት የተራው ሰው ጥሩ ዕቃ በሕይወት ሳለ ደረሰ። ጃንዋሪ 31 ቀን 1967 ሞተ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ የገበያ ነው። መብራቱ ያለ ዲዛይነሩ ማደጉን ቀጠለ፤ ቀለሙ በዛ፣ መጠኑ ተለያየ። የአውሮፓ ኅብረት ከ2009 እስከ 2012 ድረስ ባሉት ዓመታት የተለመደውን ባለ ክር አምፖል ደረጃ በደረጃ ከገበያ አስወጣ፤ የሉዊ ፖልሰን መብራቶችም ወደ ኤልኢዲ ዞሩ። ምንም ቢሰኩበት የሚሠራ መብራት የነደፈው ሽማግሌ አርቆ ማየቱ የታወቀው ያኔ ነው። ዋጋው ግን ወደ ላይ ወጣ። ለሁሉም ቤት የታሰበው ዕቃ ዛሬ በጨረታ የሚፈለግ፣ በፎቶ የሚታይ፣ አስመስሎ የሚሠራው የበዛ የሀብት ምልክት ሆኗል። አስመሳዮቹ ቅርጹን ይገለብጣሉ፤ ጥምዙን የሚለካ ግን ጥቂት ነው፤ በብዙዎቹ ሥር ተቀምጦ ቀና ያለ ሰው አምፖሉን ፊት ለፊት ያገኘዋል። ያ ሆነ ማለት ሄኒንግሰን የለፋበት ነገር ጠፍቶ የቀረው ቆርቆሮ ነው።

ይህን መብራት ካልገዛችሁ አልላችሁም፤ ብዙዎቻችን አንገዛውም። ከእሱ የሚወሰደው በነፃ ነው። የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየምም ሆነ የዋሽንግተን አፓርታማ ሳሎን ውስጥ የተለመደው ኮርኒሱ መሃል የሚሰካ ነጭ ኤልኢዲ ነው፤ ያ ብርሃን ለሱቅ መደርደሪያ እንጂ ለእራት አይሆንም። አምፖል ስትገዙ ካርቶኑ ላይ ያለውን የብርሃን ቀለም ቁጥር እዩ፤ 6500 ኬልቪን የሚለውን ለጋራዥ ተዉትና 2700 የሚለውን ውሰዱ። ገመዱን አስረዝሙ፤ አምፖሉ ተቀምጣችሁ ስታዩ እንዳይታያችሁ አባዡር አልብሱት፤ ከጠረጴዛው እስከ አባዡሩ ጠርዝ ያለው ርቀትም 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን።